ስልኬን ያልነካው ጠጋኝ፦ ስለ አንድ የጅማ ሱቅና ስለ ስልክ ኩባንያዎች መዋሃድ

ጅማ ውስጥ የስልክ ጠጋኝ አጥቶ የተቸገረ ሰው አላውቅም። በሄርማታ ገበያ ዙሪያ፣ በፈረንጅ አራዳ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ሁሉ አንድ የመስታወት ሣጥንና አንድ አምፖል ይዞ ያጎነበሰ ወጣት አይጠፋም። የሚጠፋው ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት «ይህ አይሠራም፤ ገንዘብዎን አያባክኑ» ብሎ የሚመልስ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ስላገኘሁ ስለ ሱቁ የማውቀውን ልጽፍ ተነሣሁ። በሩ ላይ የተጻፈ ስም የለውም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ደጃፉ ላይ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች የደረደረ ጠባብ ሱቅ ስታዩ እርሱ ነው።

እኔ ቡና አቅራቢ ነኝ፤ ኮረሪማና ማርም እይዛለሁ። ዕቃዬ የሚመጣው ከጌራና ከጎማ ወረዳዎች ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ስልኬ ከሚዛኔ እኩል ያገለግለኛል። አንድ ገበሬ ደውሎ ካላገኘኝ ጀንፈል ቡናውን ለሌላ ያስረክባል፤ አይፈረድበትም፤ ልጅ የሚያስተምረው፣ ዕዳ የሚከፍለው በዚያ ገንዘብ ነው። ስለ ስልክ አገልግሎት አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።

ወደዚህ ሱቅ የወሰደኝ ከአሜሪካ የመጣ ስልክ ነው። ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ትኖራለች። ስልክ በቀየረች ቁጥር አሮጌውን ታስቀምጥና ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስታገኝ ሻንጣው ጥግ ትሸጉጥልኛለች። በዚህ መንገድ ሁለት ቀፎዎች ደረሱኝ፤ አንዱ ያረጀ፣ ሌላው መስታወቱ እንኳን ያልተጫረ። ደህናውን ለራሴ አሰብኩ፤ አሮጌውን ደግሞ ጌራ ላለው ሰብሳቢዬ። ሲም ካርዴን አስገብቼ ስከፍተው ደህናው ስልክ ካርዱን አልቀበልም አለ። አሮጌው ጭራሽ ካርድ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም። ባትሪውን አውጥቼ ከሥሩ ፈለግሁ፤ የለም።

መጀመሪያ ያሳየሁት ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ ያለው ሰው ስልኮቹን ከሩቅ አየና «ሁለቱም ዲኮድ ይደረጋሉ፤ ግማሹን አሁን ይክፈሉ» አለኝ። ምን እንደሚያደርጋቸው ስጠይቀው «ሥራዬ ነው፤ ለእኔ ይተዉት» ከማለት በቀር የሚያስረዳኝ ነገር አልነበረውም። ስልኮቼን ይዤ ወጣሁ።

ስሙ ያልተጻፈው ሱቅ ልጅ ግን ከመፍቻ በፊት ጥያቄ አነሣ። «እትዬ፣ እነዚህ ስልኮች እዚያ ሳሉ የየትኛው ኩባንያ ነበሩ? ዋጋቸው ተከፍሎ አልቋል ወይስ በየወሩ የሚከፈል ቀሪ አለ? እህትዎ አሁንም በዚያው ስም ደንበኛ ናቸው?» እንደዚህ ያለ ጥያቄ ከስልክ ጠጋኝ ሰምቼ አላውቅም። እህቴን ጠየቅኋት። የስፕሪንት ደንበኛ እንደነበረች፣ ዋጋው ከተከፈለ እንደቆየ፣ አሁን ግን ሒሳቧ የሚመጣው ከቲ-ሞባይል እንደሆነ ነገረችኝ።

«ታዲያ ስፕሪንትን መፈለግ የለብዎትም» አለ ልጁ። «ስፕሪንት ቲ-ሞባይል ውስጥ ገብቷል። ይህ ስልክ የሌላ ኩባንያ ካርድ እንዳይቀበል የተደረገበትን ቁልፍ ማንሣት የሚችለው አሁን ቲ-ሞባይል ነው፤ ዕዳ ከሌለበት ደግሞ እህትዎ ስለ ጠየቁ ብቻ ያነሡላቸዋል። እኔ በኮምፒውተር ብነካካው ሊበላሽ ይችላል። ከፍለው ከሚያበላሹት በነጻ ይክፈቱት።» እህቴ ደወለች፣ የስልኩን መለያ ቁጥር ሰጠች፣ ተፈቀደላት። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የ09ኙን (የኢትዮ ቴሌኮምን)፣ ቀጥሎ የ07ቱን (የሳፋሪኮምን) ካርዴን አስገብቼ ሞከርኩት፤ ሁለቱም ሠሩ። ልጁ ከእኔ የተቀበለው ለስክሪን መከላከያ የሚለጠፈውን መስታወት ዋጋ ብቻ ነው።

አሮጌውን ስልክ በተመለከተ ያለው ቁርጥ ያለ ነበር፦ «ይህ ለልጆች መጫወቻ ይሁን።» ለምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ ግን አሜሪካ ውስጥ የተደረገ የሁለት ኩባንያዎች ስምምነት እንዴት እኔ እጅ ላይ እንደ ደረሰ ገባኝ።

የሞባይል ኔትወርክ ለብዙ ዘመን ሁለት ዓይነት ነበር። ጂኤስኤም በሚባለው ዘዴ የደንበኛው ማንነት ያለው ሲም ካርዱ ላይ ነው፤ ካርዱን ነቅሎ ሌላ ቀፎ ውስጥ መክተት ይቻላል። ሲዲኤምኤ በሚባለው ዘዴ ግን፣ በተለይ በቀደሙት ቀፎዎች፣ ማንነቱ የሚመዘገበው ስልኩ ራሱ ውስጥ ነው፤ የካርድ ቦታ ያልነበረው ለዚህ ነው። እኛም አገር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራጨውን ያለ ሽቦ የሚሠራ የጠረጴዛ ስልክ የሚያስታውስ ሰው ሲዲኤምኤን ያውቀዋል። እኔም መጋዘኔ ውስጥ አንድ ነበረኝ፤ ዝናብ ሲመጣ መስኮቱ ላይ አስቀምጬ የተነጋገርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ስፕሪንት የቆመው በሲዲኤምኤ ነበር፤ ቲ-ሞባይል ደግሞ በጂኤስኤም። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ሁለቱንም ዓይነት አብሮ ማኖር ወጪ ነውና አንዱ መዘጋት ነበረበት። የተዘጋው የስፕሪንት ነው። መጀመሪያ የተቆረጠለት ቀን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነበር፤ ኋላ ወደ ማርች 31 ተራዘመ። አሮጌ ቀፎ የያዘ ደንበኛ ሁሉ ከዚያ በፊት ስልኩን መለወጥ ነበረበት። ከእነዚያ አሮጌ ቀፎዎች ስንቱ በየሻንጣው ጥግ ወደየአገሩ እንደ ተጓዘ የቆጠረ ያለ አይመስለኝም፤ ልጁ ግን ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አሳየኝ። ሰዎች «ይቅር፣ አንተው ጋ ይሁን» ብለው የተዉለት ካርድ የማይገባባቸው ስልኮች ነበሩ። ለመለዋወጫ የሚሆን ነገር እንኳን አላገኘባቸውም።

ስምምነቱ ራሱ እንዲህ ነበር። አሜሪካ ውስጥ አራት ትልልቅ የሞባይል ኩባንያዎች ነበሩ፦ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቲ-ሞባይልና ስፕሪንት። ሁለቱ አነስ ያሉት 26 ቢሊዮን ዶላር ያህል በሚገመት ስምምነት ሊዋሃዱ መሆኑን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2018 አስታወቁ። በኒውዮርክና በካሊፎርኒያ የሚመሩ ግዛቶች «አራት የነበረው ሦስት ሲሆን ዋጋ ይጨምራል» ብለው ከሰሱ። ዳኛ ቪክቶር ማሬሮ በፌብሩዋሪ 2020 ለኩባንያዎቹ ፈረዱ፤ ኤፕሪል 1 ቀን 2020 ውህደቱ ተፈጸመ። ከዚያ በፊት ኩባንያዎቹ ፈቃድ ለማግኘት በሁለት ነገር ተስማምተው ነበር። አንደኛው፣ ለሦስት ዓመት ዋጋ እንደማይጨመር ቃል ተገባ። ሁለተኛው፣ የስፕሪንት የቅድመ ክፍያ አገልግሎት የነበረው ቡስት ዲሽ ለተባለ ኩባንያ በ1.4 ቢሊዮን ዶላር እንዲሸጥ ተወሰነ፤ ዲሽ የራሱን ኔትወርክ ዘርግቶ አራተኛውን ቦታ ይተካል ተባለ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ጠጋኙ ብቻ አይደለም። በዚያ ሱቅ የሚጠብቅ ሰው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ በርጩማ ላይ የተቀመጠ የጅማ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። ሱቁን ከወደድኩበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ስለ ስልክ አገልግሎት በማስታወቂያ ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ እዚያ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች የሚሉት ይበልጥ ያስተምራል።

እዚያ ከማገኛቸው ሰዎች አንዱ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድተው የተመለሱ ሰው ናቸው። እርሳቸው የስፕሪንትን ታሪክ የሚጀምሩት ከነክስቴል ነው። ነክስቴል አንድ ቁልፍ ተጭነው ወዲያው የሚነጋገሩበት ስልክ ነበር፤ ሾፌሮችና የግንባታ ሠራተኞች ይወዱት ነበር። ስፕሪንት እ.ኤ.አ. በ2005፣ 35 ቢሊዮን ዶላር ያህል በሚገመት ስምምነት ከነክስቴል ጋር ተዋሃደ። ያ ሁለተኛው ኔትወርክ ጁን 30 ቀን 2013 ተዘጋ። ሰውየው «ኩባንያ ሲገዛ ደንበኛ አብሮ ይሸጣል፤ የሚጠይቀው ግን የለም» ይላሉ። እኔ ቃላቸው ትንሽ የመረረ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ሁለቱንም ውህደት እዚያው ሆነው አይተዋልና አልከራከራቸውም።

እህቴ በበኩሏ ሌላ ታሪክ አላት። ከውህደቱ በኋላ ስልኳ በፊት የማይሠራባቸው ቦታዎች ይሠራል፤ ኢንተርኔቱም ፈጥኗል። ይህም እውነት ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ስፕሪንት በ2.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሰፊ የሞገድ ይዞታ ነበረው፤ ይዘረጋበት ዘንድ ግን ገንዘብ አጥሮት ነበር። ቲ-ሞባይል ያንን ወስዶ አምስተኛው ትውልድ የሚባለውን ኔትወርክ አስፋፋበት። ስለዚህ መዋሃድ ለደንበኛ ምንም አያመጣም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የሚመጣ ነገር አለ፤ ቀድሞ የሚመጣውም ጥሩው ነው። ዋጋው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የሦስት ዓመቱ ቃል ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ቲ-ሞባይል በአሮጌ የክፍያ ዕቅዶች ላይ ለአንድ መስመር እስከ 5 ዶላር የሚደርስ ጭማሪ አደረገ። ዋጋዬ አይነካም ብለው በአሮጌው ዕቅድ የቆዩ ደንበኞች ብዙ ተቆጡ። አራተኛውን ቦታ ይተካል የተባለው ዲሽስ? እናት ኩባንያው ኤኮስታር በኦገስት 2025 ሞገዱን 23 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለኤቲ ኤንድ ቲ ለመሸጥ ተስማማ። አራት የነበረው በእውነትም ሦስት ሆነ።

አሁን ወደ ጅማ ልመለስ፤ በርጩማዎቹ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሣው ጥያቄ የእኛው ነውና። «ሁለት ካርድ መሸከም ሰለቸን፤ ለምን ሁለቱ ኩባንያዎች አንድ አይሆኑም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ የደንበኞች ምኞት እንጂ ከኩባንያዎቹ የመጣ ነገር አይደለም። ምኞቱንም እረዳዋለሁ። እኔ ራሴ ለአንዱ ገበሬ በ09 ለሌላው በ07 እደውላለሁ፤ አንዱ ላይ ሒሳብ ሲያልቅ ሌላው ላይ ይተርፋል፤ የዚህኛው ጥቅል በማታ ሲያልቅ የዚያኛው ሳይነካ ቀኑ ያልፍበታል። ጌራ ያለው ሰብሳቢዬ ከኮረብታው በዚህኛው ወገን አንዱን ካርድ፣ በዚያኛው ወገን ሌላውን ይጠቀማል። የማማው ብዛት ቢደመር ምናለ ማለቱ ተገቢ ጥያቄ ነው።

አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ሲነሣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ የሆነ ሰው ተራውን እየጠበቀ ነበር። «ዩኒቨርሲቲያችን እኮ የመዋሃድ ልጅ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ሆነው ነው ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው። «ማን ተጎዳ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለጥቂት ጊዜ ሁሉንም ዝም አሰኘ። እኔ ግን መልስ ነበረኝ። እርሻ ኮሌጁ ሐኪም አያስመርቅም ነበር፤ ጤና ኢንስቲትዩቱም ስለ ቡና በሽታ አያስተምርም ነበር። ተማሪ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች አልነበሩምና ሲዋሃዱ የቀረ ምርጫ የለም። ሁለት የስልክ ኩባንያዎች ግን የሚሸጡት ያንኑ ነገር ለዚያው ሰው ነው። አንድ ሲሆኑ ለደንበኛው የሚቀርለት «ካላማረኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ» የማለት መብቱ ነው።

ይህን ከእኔ ሥራ አውቀዋለሁ። በአንድ ቀበሌ ሁለት ቡና ገዢዎች ሲኖሩ ገበሬው ሚዛኑን ያያል፣ ዋጋ ያነጻጽራል፣ «ነገ እመለሳለሁ» ይላል። አንዱ ገዢ ሲቀር ሚዛኑ ያው ሚዛን ነው፤ ገበሬው ግን «ነገ እመለሳለሁ» ማለቱን ያቆማል። ይህን የምጽፈው እኔ ገዢዋ ነኝ፤ ብቻዬን በምገዛበት ቀበሌ ከሁለት በምንገዛበት ይልቅ የሚቀናኝ እኔን ነው። ያንን በየዓመቱ በዓይኔ ስለማየው በስልክ ጉዳይ ደንበኛ ስሆን ብቸኛ ሻጭ አልመኝም።

እኛ ደግሞ አንድ ብቻ የነበረበትን ዘመን ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም.፣ ስልክ ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ አገልግሎቱ የመንግሥት ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ኢትዮ ቴሌኮም አሁን ባለው ስሙ የተቋቋመው በኅዳር 2003 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ ፈቃድ በሳፋሪኮም ለሚመራው ቡድን በ850 ሚሊዮን ዶላር የተሰጠው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር የተጀመረው ፈቃዱ በተሰጠበት በዚያው በግንቦት 2013 ነው። የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ዛሬ ለገበሬ ገንዘብ በስልክ እልካለሁ፤ በከረጢት ብር ይዞ በጭቃ መንገድ መጓዝ ቀርቷል። ተፎካካሪ ሊመጣ ነው መባሉ ብቻ ብዙ ነገር ያፋጥናል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ዓለም ወደ መዋሃድ ሲሄድ እኛ ከአንድ ወደ ሁለት መውጣታችን ነው እንግዲህ። የሳፋሪኮም ባለድርሻ የሆነው የቮዳኮም እናት ኩባንያ ቮዳፎን በብሪታንያ ስሪ ከተባለው የሞባይል ኩባንያ ጋር የተዋሃደው በቅርቡ ነው፤ ሜይ 31 ቀን 2025። የብሪታንያ የውድድር ባለሥልጣን ሲፈቅድ ኔትወርኩ ላይ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ እንዲፈስና የተወሰኑ ታሪፎች ለሦስት ዓመት እንዳይነኩ ግዴታ አስገብቷል። እዚህም ሦስት ዓመት! ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ደግሞ ኤርቴልና ቴልኮም ኬንያ ትልቁን ሳፋሪኮምን ለመፎካከር እንዋሃድ ብለው እ.ኤ.አ. በ2019 ተስማምተው ነበር፤ በኦገስት 2020 ተዉት። ትንንሾች ትልቁን ለመቋቋም ቢዋሃዱ የሚገባኝ ነገር ነው። ሁለት ብቻ ያሉበት አገር ላይ አንድ እንሁን ማለት ግን ወደ ነበርንበት መመለስ ነው።

ለበርጩማው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ማማው ይጋራ፣ የገንዘብ መላኪያው እርስ በርሱ ይናበብ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መደወል እንደ አንድ ቤት ይርከስ፤ ኩባንያዎቹ ግን ሁለት ሆነው ይቆዩ። ከቻልን ሦስተኛም ይምጣ። ያኔ ሁለት ካርድ መሸከሜን አላማርርም። ከጌራ የመጡ አንድ አባት ይህን ስል ሰምተው «አዴ፣ ሁለት በር ያለው ቤት ይሻላል ማለትሽ ነው» አሉኝ፤ አዎ አልኳቸው።

ስለ ሱቁ ያልጻፍኩት ይቀረኛል። ዋጋው ግድግዳው ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ቻርጀር መሰኪያ መቀየር፣ ስክሪን መቀየር፣ ባትሪ፣ ድምፅ ማጉያ። ከተጻፈው በላይ ሲጠይቅ አላየሁም። የሚቀይረው ዕቃ አዲስ ይሁን ከሌላ ስልክ የተነቀለ አስቀድሞ ይናገራል፤ የነቀለውን አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ይመልሳል። ስልክ ሲቀበል በሰው ፊት ከፍቶ ሲም ካርዱንና ማስታወሻ ካርዱን አውጥቶ በእጅ ይሰጣል። በስልኩ ውስጥ ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የይለፍ ቁጥርም አይጠይቅም፤ መሞከር ካለበት ባለቤቱ ራሱ እንዲከፍት ያደርጋል። አንዲት አሮጊት ስልካቸው «ጠፋ» ብለው ሲመጡ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ፤ ድምፁ ተዘግቶ ኖሮ በጣቱ ከፍቶ መለሰላቸው፤ ሊከፍሉት ቢሉ እምቢ አለ። አሮጊቷ በማግሥቱ አንድ ጣሳ እሸት ቡና ይዘው መጡ።

ጉድለቱንም ልናገር። ደረሰኝ አይሰጥም። ስልኩ ላይ በወረቀት ስም ጽፎ ያስራል፤ ወረቀቱ ቢወድቅስ? ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ የታተመ ደብተር እንዲያሠራ አሁንም በዚህ እጠይቀዋለሁ። ብቻውን ስለሚሠራ ቀጠሮው ይዘገያል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ዓርብ ከቀትር በኋላም ለጸሎት ሄዶ ስለሚቆይ ከሩቅ የሚመጣ ሰው በሌላ ቀን ቢመጣ ይሻላል። ቦታው ጠባብ ነው፤ በክረምት ዝናቡ በርጩማዎቹን ሲያባርር ደንበኛው ሁሉ ጣሪያ ሥር ይጣበቃል። ውድ ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀበት ሰውም ከእርሱ ዘንድ ኦሪጅናል ዕቃ ላያገኝ ይችላል፤ «አዲስ አበባ ላኩት» ብሎ በግልጽ ይነግራል እንጂ አስመሳይ አይገጥምም።

በውጭ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ስልክ ከመላኩ በፊት እንዲያጣሩላችሁ የምመክረውን፣ እርሱ ለእኔ እንደ ነገረኝ፣ ልጻፍ። ስልኩ ካርድ የሚገባበት ቦታ ይኑረው። ዋጋው ተከፍሎ ይለቅ፤ ቀሪ ዕዳ ያለበት ስልክ ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ቁልፉን የሚያስነሣው ባለ ሒሳቡ ራሱ ስለሆነ እዚያው እያለ ይጠይቅ፤ ስልኩ እዚህ ከደረሰ በኋላ መጠየቁ ይቻላል፤ ግን የሰዓት ልዩነቱና ምልልሱ ያደክማል። ስልኩ ሲገዛ የነበረው ኩባንያ ተሸጦ ወይም ተዋህዶ ከሆነ ለአዲሱ ባለቤት ይደወል። ከመላኩ በፊትም የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ አስገብቶ አንድ ጊዜ መደወል ከሁሉም የበለጠ ማረጋገጫ ነው። ይህን አድርጎ የመጣ ስልክ ከእዚህ ሱቅ ባዶ እጁን አይመለስም። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ከሄዳችሁ ተራ ሳትጠብቁ ታገኙታላችሁ።